ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ላስቀመጠችው የላቦራቶሪ ባለሙያ

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ አንድ ዓመት ሙሉ ፈቃድ ስለምን ቆይቻለሁ። የከለከለችኝ በአንድ የጤና ተቋም ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ወጣት ባለሙያ ናት። ስሟን ጠርቼ፣ የምትሠራበትን ቦታ ነግሬ፣ ሰው ሁሉ እንዲያውቃት ፈልጌ ነበር። እሷ ግን በጄ አላለችም። በየቀጠሯችን ስወተውታት ጊዜ "እሺ ጻፊ፤ ግን እኔን ትተሽ ስለ ደሙ ጻፊ፤ ሰው ማወቅ ያለበት እሱን ነው" አለችኝ። ስለዚህ ስሟን እዚህ አታገኙትም። የሠራችልንን ግን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ፤ ሽንት ውስጥ ስለሚታየው ደምም እንዳዘዘችኝ እጽፋለሁ።

እናቴ 63 ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ጠዋት መጸዳጃ ቤት ገብታ ውሃውን ከመልቀቋ በፊት ዝቅ ብላ ስታይ ሽንቷ ሮዝ ሆኖ ታያት። ያመማት ነገር አልነበረም። አላቃጠላትም፣ አላተኮሳትም፣ ወገቧንም አልቆረጠማትም። ከሰዓት በኋላ ሽንቷ እንደ ወትሮው ጠርቶ መጣ፤ በማግስቱም እንደዚያው። እሷም "ሄደልኝ" ብላ ለማንም ሳትናገር ቀረች። እኔ የሰማሁት ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ያኔ ደሙ ለሁለተኛ ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ቀለሙም የጠቆረ ሻይ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደ ሕክምና ሄድን። ሦስቱንም ጊዜ ሽንቷ ተመረመረ፤ ሦስቱንም ጊዜ "የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው" ተብሎ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ታዘዘላት። ኪኒኑን በጀመረች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ደሙ ይጠፋል። እኛም መድኃኒቱ ሠራ ብለን ፈጣሪን አመስግነን እንቀመጣለን። አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ደሙ ያለ መድኃኒትም መጥፋቱ አይቀርም ነበር። የመጀመሪያው ጊዜ አንዲት ኪኒን ሳትውጥ ጠፍቶ አልነበረም? ከሽንት ፊኛ ካንሰር የሚመጣ ደም ጠባዩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ይታያል፣ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይሰወራል፣ ከዚያ ይመለሳል። በተሰወረባቸው ቀናት ሁሉ ዕጢው እዚያው አለ።

ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ሽንቱ ውስጥ ደም የታየበት ሰው ሁሉ ካንሰር የለበትም፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ጠጠር ሊሆን ይችላል፣ በወንዶች ላይ የፕሮስቴት ማበጥ ሊሆን ይችላል። በሴቶች ላይ ኢንፌክሽን እጅግ የተለመደ ስለሆነ ሐኪም መጀመሪያ እሱን ማሰቡ አያስገርምም። ነገር ግን ሴቶችን የሚጎዳቸውም ይኸው መለመዱ ነው። የፊኛ ካንሰር ወንዶችን ከሴቶች ሦስትና አራት እጥፍ ያህል ያጠቃል፤ ሆኖም ሴቶች ለኢንፌክሽን ሲታከሙ፣ ደሙ የወር አበባ ወይም የማረጥ ነገር ነው እየተባለ ጊዜ ሲያልፍ፣ በሽታው ብዙ ጊዜ ገፍቶ ከሄደ በኋላ ይገኝባቸዋል።

ለአራተኛ ጊዜ ሲመጣባት ወደ ሌላ ተቋም ሄድን። እናቴ ወረቀት የማትጥል ሰው ናት፤ የቆዩ ውጤቶቿን በአንዲት ላስቲክ ከረጢት አጣጥፋ ይዛለች። ናሙናውን ሰጥተን ተቀመጥን። ውጤቱን በመስኮት ይሰጡናል ብለን ስንጠብቅ ባለሙያዋ ራሷ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ወጥታ መጣች። እናቴ አጠገብ ጎንበስ ብላ "እማማ፣ ከዚህ በፊት ተመርምረው ያውቃሉ?" ስትላት እናቴ ከረጢቷን ፈታች።

ወረቀቶቹን በመቀበያው ጠረጴዛ ላይ በቀናቸው ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። እጥፋታቸውን በመዳፏ አቃናች። ከኪሷ ብዕር አውጥታ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ መስመር ብቻ አሰመረችበት። ነጭ የደም ሴል የለም፣ ባክቴሪያ ሽንት ውስጥ የሚፈጥረው ናይትራይት የለም፣ ባክቴሪያ የለም፤ ቀይ የደም ሴል ግን ብዙ። በሁለተኛውም ያው። በሦስተኛውም ያው። የዕለቱን ወረቀት ከጎናቸው አስቀመጠች፤ እሱም ያው ሆነ። ሰባት ወር ሙሉ በከረጢት ይዘነው የዞርነውን ነገር ያነበበልን ሰው አልነበረም።

"እማማ፣ ሲሸኑ ያምዎታል?"

"አያመኝም ልጄ። የሚያም ቢሆን መች እስካሁን ዝም እል ነበር?"

"እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው" አለቻት።

ከዚያ በዝግታ አስረዳችን። ኢንፌክሽን ሲኖር ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ነጭ የደም ሴሎችን ይልካል፤ በሽንት ምርመራ ላይ እነሱ ይታያሉ። ናሙናው በካልቸር፣ ማለትም ተሕዋስ በሚያሳድግ ምግብ ላይ ተደርጎ፣ ሲመረመር ተሕዋሱ ያድጋል። ሰውየውም ብዙውን ጊዜ ያቃጥለዋል። የእናቴ ሽንት ውስጥ ደሙ ብቻውን ነበር። ቀይ ስር በልታ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ እሱም ሽንት ያቀላልና። ሪፋምፒሲን የተባለውን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ እሱም ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል። በማይክሮስኮፕ የታየ ቀይ የደም ሴል ግን ቀለም አይደለም፣ ደም ነው። ደም ማቅጠኛ ትወስድ እንደሆነም ጠየቀቻት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመረች፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው እንኳን ሽንቱ ውስጥ ደም ከታየ "ከመድኃኒቱ ነው" ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

የካንሰርን ስም አልጠራችም። "እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በሽታ አልሰይምም። ነገር ግን ይህ ደም ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ሌላ ኪኒን ይዛችሁ ወደ ቤት እንዳትመለሱ" አለችን። በውጤቱ ግርጌ ለሐኪሙ ማስታወሻ ጻፈች። የእረፍት ሰዓቷ ነበር፤ እስከ ሐኪሙ ክፍል በር ድረስ አብራን ሄደች። እኔ ያንን ቀን ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣብኝ በዚያ ረጅም ኮሪደር ላይ የእናቴን ክንድ ይዛ በእናቴ እርምጃ ልክ ስትራመድ ነው።

ሐኪሙ ማስታወሻውን አንብቦ በዚያው ሳምንት ወደ ኩላሊትና ሽንት አካላት ስፔሻሊስት ላከን። ስፔሻሊስቱ መጀመሪያ የጠየቀው "ሲጋራ አጭሰው ያውቃሉ?" ብሎ ነው። አጭሳ አታውቅም። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም፤ ከፊኛ ካንሰር ሕመምተኞች ግማሽ ያህሉ በሽታቸው ከማጨስ ጋር የተያያዘ ነው፤ የሚያጨስ ሰው ከማያጨስ ሰው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይጋለጣል። ብዙ ሰው ሲጋራን ከሳንባ ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ ግን ከሳንባ ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊት ከደም ያጣራዋል፣ ከዚያ በሽንት ውስጥ ሆኖ ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጣል። የፊኛን የውስጥ ሽፋን ቀን ከሌት የሚነካው እንግዲህ ያ ሽንት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ "ሥራዎ ምን ነበር?" የሚል ነበር። እናቴ በወጣትነቷ 19 ዓመት በጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ሠርታለች። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ ቀና አለ። ሉድቪግ ሬን የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም በማቅለሚያ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የፊኛ ዕጢ ማየቱን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። አሮማቲክ አሚን የሚባሉት ኬሚካሎች ናቸው ጉዳቱን የሚያደርሱት፤ ከማቅለሚያ ሌላ በጎማ፣ በቆዳ፣ በቀለምና በኅትመት ሥራዎችም ላይ ሲያጋጥሙ ኖረዋል። በሽታው ከሥራው ከተለያዩ ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላም ሊመጣ ይችላል። የእናቴ ሕመም ከዚያ መጣ ብሎ በእርግጠኝነት የነገረን የለም፤ ስለ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ መናገር አይቻልም። ነገር ግን እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የነበረ ወላጅ ወይም ጎረቤት ያላችሁ ሰዎች ይህን ለሐኪማችሁ ሳትጠየቁም ንገሩ። የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዚያ ይዞት የሚያውቅ ሰውም እንደዚሁ፤ ያ ጥገኛ ተሕዋስ ፊኛ ውስጥ ለዓመታት የሰውነት መቆጣት ስለሚያስነሳ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መዝግቦታል።

አልትራሳውንድ ተነሣች። "ንጹሕ ነው" ተባለ። ምን ያህል እንደተደሰትን! እናቴ ነጠላዋን አንሥታ ለመውጣት ተነሥታ ነበር። ሐኪሙ ግን አስቀመጣት። አልትራሳውንድ ትንንሽ ዕጢዎችን፣ በተለይም በፊኛው ግድግዳ ላይ ጠፍጣፋ ሆነው የተነጠፉትን፣ ሊያልፋቸው ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ከታየ ፊኛው በዓይን መታየት አለበት አለ። ይህን አጥብቄ የምጽፈው "አልትራሳውንድ ተነሥቼ ምንም የለም ተብያለሁ" ብለው ነገሩን የዘጉ ሰዎችን ስለማውቅ ነው።

በዓይን ማየት ማለት ሲስቶስኮፒ ነው። ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ተጣጣፊ ቱቦ በሽንት መውጫ በኩል ይገባል። እናቴ ስሙን ስትሰማ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥታ ነበር፤ ከሕመሙ ይልቅ ሐፍረቱ ነው ያስጨነቃት። እዚህ ላይ ሌላዋን ባለውለታችንን ላንሣ። በክፍሉ የነበረችው ነርስ እናቴን ከወገቧ በታች ሸፈነቻት፣ ክፍሉ ውስጥ ሥራ የሌላቸውን ሁሉ አስወጣች፣ ማደንዘዣውን ጄል ካደረገች በኋላ ራስጌዋ ሄዳ እጇን ያዘቻት። "አሁን ውሃ ሲገባ ሽንትዎ የመጣ ይመስልዎታል፤ አይፍሩ" እያለች እያንዳንዱን ነገር ከመምጣቱ በፊት ነገረቻት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እናቴ ስትወጣ "ይህ ነው ያን ያህል ያስፈራኝ?" አለችኝ። ለሁለት ቀን መሽናት ትንሽ አቃጥሏታል፤ ውሃ ጠጥታ አለፈላት።

ስክሪኑ ላይ ግን አይተነው ነበር። በፊኛው ግድግዳ ላይ በውሃ ውስጥ የምትወዛወዝ ሣር የመሰለች ነገር፤ መጠኗ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም።

በማደንዘዣ ሥር በዚያው በሽንት መውጫ በኩል ገብተው ጠርገው አወጧት፤ ሆዷ አልተቀደደም። የተወሰደው ናሙና ዕጢው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል፣ ወደ ፓቶሎጂ፣ ሄደ። የፊኛ ካንሰር ነገር ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው፤ ፊኛ ጡንቻ ያለው ከረጢት ነው፤ ዕጢው ከውስጠኛው ሽፋን ሳያልፍ ከተገኘ ሌላ፣ ጡንቻው ውስጥ ዘልቆ ከተገኘ ሌላ መንገድ ነው። ጡንቻው ውስጥ ከገባ ብዙውን ጊዜ ኬሞቴራፒና ፊኛውን ጨርሶ ማውጣት፣ ወይም ጨረርና ኬሞቴራፒ አንድ ላይ ይታሰባል። የእናቴ ዓይነቱ ክፉ፣ በፍጥነት የማደግ ጠባይ ያለው ነበር፤ ግን ጡንቻው አልተነካም። "ጥቂት ወራት ቢዘገይስ?" ብዬ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። መልስ አልሰጠኝም፤ የወረቀቱን ግርጌ፣ የላቦራቶሪዋን ማስታወሻ፣ በጣቱ መታ መታ አደረገው።

ሕክምናው ቢሲጂ ሆነ። አዎን፣ ሕፃናት ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ክንዳቸው ላይ የሚወጉት ያው ክትባት። በካናዳ የሚሠራ አልቫሮ ሞራሌስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1976 ለፊኛ ካንሰር መጠቀሙን አሳተመ፤ እስከ ዛሬም አልተተካም። በቀጭን ቱቦ ፊኛው ውስጥ ይጨመራል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት። የተዳከመው ተሕዋስ የሰውነትን መከላከያ ፊኛው ውስጥ ይቀሰቅሰዋል፤ የቀሩትን የካንሰር ሴሎች የሚያጠፋቸውም ያ የተቀሰቀሰ መከላከያ ነው። እናቴ መድኃኒቱን እስከ ሁለት ሰዓት ሳትሸና መያዝ ነበረባት። አልጋ ላይ በጀርባዋ፣ በግራ ጎኗ፣ በቀኝ ጎኗ፣ በሆዷ እየተገላበጠች፣ እኔ ሰዓት እየያዝኩ። ከዚያ በኋላ ለስድስት ሰዓት በሸናች ቁጥር መጸዳጃው ውስጥ በረኪና እየጨመርን 15 ደቂቃ እንቆያለን። አራተኛው ሳምንት ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ አላት፤ አስቀድሞ ተነግሮን ስለነበር ደውለን ጠየቅን፣ በማግስቱ ተሻላት።

በዘጠነኛው ወር አንዲት ትንሽ ዕጢ እንደገና ተገኘች። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። የፊኛ ካንሰር መመለስ የሚወድ በሽታ ነው፤ ለዚህም ነው ቁጥጥሩ መጀመሪያ በየሦስት ወሩ የሚሆነው፣ ለዓመታትም የሚቀጥለው። በጊዜ ስለታየች በጊዜ ተነቀለች። "ድኛለሁ፣ ከእንግዲህ ቀጠሮ አልሄድም" የሚል ዘመድ ካላችሁ እጁን ይዛችሁ ውሰዱት።

አሁን እንዳዘዘችኝ ስለ ደሙ። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች የፊኛ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኛዎቹን ቀድሞ ያስጠነቀቃቸው ምልክት ሽንት ውስጥ የታየ፣ ሕመም የሌለው ደም ነው። ሮዝ ሊሆን ይችላል፣ ደማቅ ቀይ ሊሆን ይችላል፣ የሻይ ወይም የዝገት ቀለም ሊሆን ይችላል፤ የረጋ ደም ሊኖርበት ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢታይ፣ በራሱ ቢጠፋ፣ ምንም ባያምም፣ ተመርመሩ። አንዳንዴ ደሙ በዓይን አይታይም፤ ለሌላ ጉዳይ በተደረገ የሽንት ምርመራ ላይ በማይክሮስኮፕ ብቻ ይገኛል፤ እሱንም "ጥቂት ነው" ብላችሁ አትለፉት። ሌላው ምልክት ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ድንገት ማጣደፍ፣ ማቃጠል፣ ሌሊት ደጋግሞ መነሣት ነው፤ ኢንፌክሽን ሳይገኝ እነዚህ ከቀጠሉ፣ ወይም መድኃኒት ጨርሳችሁ ከተመለሱ፣ ፊኛው ይታይ በሉ። በአንድ ወገን ጎን ላይ የሚሰማ ሕመም፣ ሽንት መከልከል፣ የእግር ማበጥ፣ ምክንያት የሌለው ክሳት፣ የአጥንት ሕመም ዘግይተው የሚመጡ ናቸው፤ እነሱን መጠበቅ የለባችሁም። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የእናቴ እህት ለወራት በተለየ ብርጭቆ ውሃ ስትሰጣት ስላየሁ ነው ይህን የምጨምረው።

የምጠቁማችሁ ሰው እንግዲህ ስም የለውም፤ ሥራዋን ግን አይታችሁ ታውቋታላችሁ። ናሙና ስትቀበል የመጀመሪያውን ሽንት ለቅቃችሁ የመሐሉን እንድትይዙ የምታስረዳ፣ የወር አበባ ላይ መሆናችሁን የምትጠይቅ፣ ናሙናው ሳይቆይ የምትመረምር፣ በመመርመሪያ ወረቀት ቀለም ብቻ ሳትወሰን ማይክሮስኮፕ ላይ የምትቀመጥ፣ የቆየ ውጤት አላችሁ ወይ ብላ የምትጠይቅ። እንዲህ ያለች ባለሙያ ባለችበት ላቦራቶሪ ተመርመሩ፤ ሌላም ሰው ላኩላት። የምትጠይቅ ካላገኛችሁ ደግሞ ራሳችሁ ወረቀቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና በሐኪሙ ፊት ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ "ባክቴሪያ ተገኝቶብኛል ወይ? ካልተገኘ ደሙ ከየት መጣ?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

እህቴ፣ ይህን ስታነቢ እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ፤ ስምሽን ግን አልጻፍኩም። እናቴ በየጠዋቱ ጸሎቷ ላይ ትጠራሽና "ያቺ ብዕር የያዘችው ልጅ" ትልሻለች። በዚያ ቀን ምሳሽን ሳትበዪ ከእኛ ጋር መቆየትሽን እኔ የሰማሁት ከሥራ ባልደረባሽ ነው፤ አንቺ ተናግረሽው አታውቂም። አመሰግንሻለሁ።

ባለፈው ወር አምስተኛው ቁጥጥር ነበር፤ ፊኛዋ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። እናቴ ከሐኪሙ እንደወጣች ወደ ቤት እንሂድ ስላት እምቢ ብላ የዕለቱን የሽንት ውጤት ይዛ ወደ ላቦራቶሪው መስኮት ሄደች። ልጅቱ ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ብዕሯ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ነበር። አላወጣችውም፤ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላት።